የአባት ጡረታ፣ የልጅ መነሻ ካፒታል

ጡረታ ሲባል ብዙ ነጋዴ ጆሮውን አይሰጥም። የቢሮ ሠራተኛ ጉዳይ፣ የሽማግሌ ወሬ አድርጎ ያልፈዋል። በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በቡሌ ሆራ ወይም በአዶላ ሱቅ የከፈተ ሰው ግን ሊያልፈው አይገባም። በእነዚህ ከተሞች ዝናብ ሲቀር የከብት ገበያው ይናጋል። መንገድ ሲዘጋ ጭነት ይቆማል። ድንበሩ ሲጠብቅ ሸቀጥ ይጠፋል። ዝናብ ቀረ፣ መንገድ ተዘጋ ሳይል ወር ጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ ቢኖር የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝና የጡረተኛው አበል ነው። ደመወዙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ባለሱቁ ዱቤ የሚሰጠው እሱን አይቶ ነው። አበሉ ወጥቶ የት እንደሚገባ ግን ያሰላ ጥቂት ነው።

ከዚያ አበል ቀላል የማይባለው ክፍል የሚገባው ወደ ልጆች ነው። ልጆች ሲባል ደብተርና እርሳስ የሚገዛላቸው ማለት አይደለም። ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ፣ በባጃጅ ኪራይ የሚውተረተሩ፣ ጥቂት ፍየል ገዝተው አትርፈው ለመሸጥ የሚሞክሩ፣ አግብተው በአባታቸው ግቢ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ የሚኖሩ የ25 እና የ30 ዓመት ጎልማሶች ናቸው። ሕጉ ጡረታን የሽማግሌ መተዳደሪያ ብሎ ጻፈው፤ ኑሮው ደግሞ የወጣት መነሻ ካፒታል አደረገው። ሁለቱ ሳይገጣጠሙ በመቅረታቸው ኪሳራው በጡረተኛው ቤት ብቻ ሳይሆን በገበያውም ላይ ይወርዳል።

ጧሪው ሲጦር

“ጡረታ” የሚለው ቃል ራሱ ከመጦር የመጣ ነው። ሽማግሌዎች ሲመርቁ “ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ” ይላሉ። ጧሪው ልጅ ነው፤ ተጧሪው ወላጅ። ገንዘቡ፣ እህሉ፣ ጉልበቱ ሁሉ ከታች ወደ ላይ እንዲሄድ ነበር የታሰበው። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት ወራጁ ተገልብጧል። አባት ጡረታ ወጥቶ ገቢው ይቀንሳል፤ ልጁ ግን ሥራ ስላልያዘ ወይም ሥራው ቤት ኪራይ ስለማይሸፍንለት የቀነሰው ገቢ ላይ ይደገፋል።

በሕግ ዓይን ይህ ግዴታ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ እርስ በርስ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ሆኖም ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ መብላት የማይችል መሆን አለበት። ጉልበት ያለው፣ ሥራ ፈልጎ ያጣ የ27 ዓመት ልጅ በዚህ ድንጋጌ አባቱን ፍርድ ቤት ሊያቆም አይችልም። አባት የሚሰጠው በፍቅርና በይሉኝታ ነው። ውልና ቀነ ገደብ የለውም፤ መዝገብም አያውቀውም።

ነጌሌ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ ከተማ አይደለችም። ከተማዋ የጦር ሰፈር ከተማ ሆና ኖራለች። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የነበረው ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውሃ ተማረው ማመፃቸው፣ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ድባለን ይዘው ከእነሱ ምግብ እንዲቀምሱ ማድረጋቸውና ጉዳዩ ለየካቲቱ አብዮት መንደርደሪያ መሆኑ ይታወሳል። ከወታደሩ ጋር መምህሩ፣ ነርሱ፣ የመንገድ ሥራ ሠራተኛውና የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊው ከመሀል አገር ወደነዚህ ከተሞች መጥተው ጎጆ ቀልሰው ልጅ ወልደው ቀርተዋል። ከአካባቢው ተወላጆችም በመንግሥት ሥራ ያረጁ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ያላቸው ሀብት በአብዛኛው ሁለት ነው፤ አንድ ቤትና አንድ የጡረታ መታወቂያ።

ሒሳቡ ሲሠራ

ለነጋዴ ነገሩን በቁጥር ማሳየት ይሻላል። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት 10 ዓመት አገልግሎ ለጡረታ የበቃ ሰው በመጨረሻ የአገልግሎት ዘመኑ ካገኘው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለሲቪል ሠራተኛ እዚያ ጣሪያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል ማለት ነው።

እንግዲህ 35 ዓመት ያስተማረ፣ አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የነበረ መምህር እንውሰድ። 30 በመቶው ላይ የ25 ዓመቱ 31.25 ሲደመር 61.25 በመቶ ይመጣል። አበሉ በወር 3,675 ብር ነው። ከዚህ ላይ 1,000 ብር ለልጁ ፍየል ንግድ ወይም ለባጃጅ ዕለታዊ ኪራይ ማሟያ ቢሰጥ ከገቢው ከሩብ በላይ ሰጠ ማለት ነው። ከየትኛውም ነጋዴ ወርኃዊ ትርፍ ላይ ሩቡን ቁረጥና ለልጅህ ስጥ ቢባል ስንቱ እሺ እንደሚል መገመት አያዳግትም።

መምህሩ ሲሞትስ? አበሉ ከሞላ ጎደል አብሮት ይሞታል። ሚስቱ የአበሉን 50 በመቶ ታገኛለች፤ በምሳሌያችን 1,837 ብር ከ50 ሳንቲም መሆኑ ነው። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ 20 በመቶ ይሰጠዋል። ጎልማሳው ልጅ ምንም አያገኝም። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ በሟቹ ይጦሩ ለነበሩ ወላጆች 15 በመቶ ይሰጥ ነበር። ሕጉ ጧሪ ልጅ ሲሞት ወላጅ እንደሚጎዳ ያውቃል። ጧሪ ወላጅ ሲሞት ጎልማሳ ልጅ ከእነ ንግዱ እንደሚወድቅ ግን አልታየውም።

ይህ ሲባል ሕጉ ተሻሽሎ ለ30 ዓመት ጎልማሳ የተተኪ አበል ይከፈል ማለት አይደለም። እንዲያ ቢሆን ፈንዱ ዕድሜ አይኖረውም። መታወቅ ያለበት ቤተሰቡ እንደ ካፒታል የያዘው ገንዘብ ካፒታል አለመሆኑ ነው። አበል ገቢ ነው። አይወረስም፣ አይሸጥም፣ ሕጉም ለሌላ ሰው እንዲተላለፍ ወይም በዕዳ እንዲያዝ አይፈቅድም። ባንክ በመያዣ አይቀበለውም። ስለዚህ የሚይዘው ባለሱቁ ነው፤ በወረቀት ሳይሆን በእምነት። የአባትየውን አበል አይቶ ለልጁ ዱቄትና ስኳር በዱቤ ያወጣል። አባት በድንገት ሲያርፍ ባለሱቁ ዱቤውን ከማን እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል። ለቅሶ ቤት ሄዶ ዕዳ አይጠይቅ ነገር፣ ነውር ነው።

ከብቱና አበሉ

የቦረና አርብቶ አደር ይህን ጥያቄ ከመንግሥት ጡረታ በፊት በራሱ መንገድ መልሶት ነበር። ልጅ ሲወለድ አባት “ሃንዱራ” ብሎ ጊደር ይሰይምለታል። ጊደሯ ትወልዳለች፣ የወለደችውም ትወልዳለች፤ ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ የራሱ የሚለው የመንጋ ጅምር ይኖረዋል። ከብት ያነሰው ዘመድ “ዳባሬ” በሚባለው ሥርዓት ላም ይሰጠዋል። ወተቷን ይጠጣል፤ ላሚቱና ጥጆቿ ግን የባለቤቷ ሆነው ይቆያሉ። መንጋው ያለቀበት ሰው ደግሞ በ“ቡሳ ጎኖፋ” ጎሳው አዋጥቶ ያቋቁመዋል። ዋናው መንጋ በመጨረሻ ለበኩሩ ልጅ፣ ለ“አንገፋው” ይተላለፋል።

ይህን በገበያ ቋንቋ ስንተረጉመው እንዲህ ይሆናል። ሃንዱራ ለልጅ በስሙ የተከፈተ፣ እየወለደ የሚያድግ ቁጠባ ነው። ዳባሬ ዋናው ለአበዳሪው የሚቆይበት፣ ተበዳሪው ፍሬውን የሚበላበት ብድር ነው። ቡሳ ጎኖፋ መድን ነው። በዚህ ሥርዓት ወላጅ ለልጁ ካፒታል ሰጠ ማለት ራሱን አራቆተ ማለት አልነበረም። የሰጠውን ሁሉም ያውቃል፤ ምን እንደሰጠ፣ በምን ውል እንደሰጠ፣ ማን እንደሚጠየቅበትም በጎሳው ዘንድ የታወቀ ነበር። የከተማው ጡረተኛ ግን ለልጁ በየወሩ የሚሰጠው ስጦታ ይሁን ብድር፣ የጋራ ንግድ ይሁን ምጽዋት፣ ራሱም ልጁም አያውቁትም።

የከብቱ ጡረታ ግን የራሱ አደጋ አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረና ዞን ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳት መሞታቸውን የዞኑ ባለሥልጣናት በ2015 ዓ.ም. ተናግረዋል። የአንድ ሙሉ ትውልድ ጡረታ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አጥንት ሆኖ ሜዳ ላይ ቀረ። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በቦረና የጀመረው፣ የግጦሹን ሁኔታ በሳተላይት አይቶ ካሣ የሚከፍለው የእንስሳት መድን ይህን አደጋ ለመሸፈን የታሰበ ነው። መድን የገባ አርብቶ አደር ግን ከጠቅላላው ሲታይ ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ሀብቶች ተቃራኒ ጠባይ አላቸው። አበል በድርቅ አይሞትም፤ ግን አይወልድም። ከብት ይወልዳል፤ ግን በድርቅ ይሞታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ከብትን በባንክ መያዣ ለማድረግ በር ከፍቷል፤ አበል ግን ዛሬም መያዣ አይሆንም። ብልህ ቤተሰብ አንዱን በሌላው ይደግፋል፤ ከአበሉ ቀንሶ ጊደር ይገዛል፣ በክፉ ቀን ደግሞ ጊደሯን በርካሽ ከመሸጥ አበሉ ያድነዋል። በሐሮ በቄና በዱብሉቅ ገበያ በድርቅ ወራት ዋጋው ሲወርድ የማይሸጡት፣ ሌላ የወር ገቢ ያላቸው ናቸው። ይህን ደላላው ከማንም በላይ ያውቃል።

ልጁ ይሰንፋል ወይስ ይነሳል?

ወላጅ ሲሰጥ ልጅ ይሰንፋል የሚለው ክርክር በየቡና ቤቱ ይሰማል። በጉዳዩ ላይ ብዙ የተጠናው በደቡብ አፍሪካ ነው። በዚያ አገር የአረጋውያን አበል እ.ኤ.አ. በ1993 ገደማ ለጥቁሮች ከነጮቹ እኩል ከሆነ ወዲህ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በየቤቱ ምን እንደተለወጠ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ቤርትራንድ፣ ሙላይናታንና ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች ባለአበል ባለበት ቤት የሚኖሩ ጎልማሶች የሥራ ሰዓታቸው መቀነሱን አሳዩ። ሰነፍ ልጅ የሚሉት ወገኖች ይህን ይዘው ጮኹ።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 አርዲንግተን፣ ኬዝና ሆዜጉድ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን አካባቢ ለዓመታት ተከታትለው ሌላ ነገር አገኙ። አበሉ ሲገባ ጎልማሳ ልጆች ሥራ ፍለጋ ርቀው መሄድ ይጀምራሉ፤ የመሳፈሪያውንና የመጀመሪያ ወራቱን ወጪ የሚሸፍነው አበሉ ነው፤ የቀሩትን ሕፃናት የምትጠብቀውም ባለአበሏ አያት ናት። የመጀመሪያው ጥናት የቆጠረው ቤት የቀሩትን ነበር፤ የሄዱትን አላያቸውም። ሮበርት ጄንሰን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት ወላጅ በሚያገኘው በእያንዳንዱ አንድ ራንድ አበል ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ከ25 እስከ 30 ሳንቲም እንደሚቀንስ አስልቷል። ይኸውም አበሉ ለወላጅ ብቻ የተሰጠ ቢመስልም ሩብ ያህሉ የልጅን ሸክም አቃለለ ማለት ነው።

ከእነዚህ ጥናቶች የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። ገንዘቡ ልጅን ያሰንፋል ወይም ያነሳል የሚወስነው መጠኑ ሳይሆን የተሰጠበት መንገድ ነው። በየቀኑ ለሻይና ለጫት የሚቆነጠር አበል ልጁን በር ላይ ያስቀምጠዋል። ለመንጃ ፈቃድ፣ ለመሳፈሪያ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ፍየሎች በአንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ ከቤት ያወጣዋል።

ሞያሌ ደግሞ ሌላ ትምህርት ታቀርባለች። ከተማዋ በድንበር ለሁለት የተከፈለች መሆኗ ይታወቃል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ አረጋውያን በወር 2,000 ሽልንግ የሚሰጥ ፕሮግራም ሥራ ላይ አውላለች። ለመታቀፍ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። በኢትዮጵያ በኩል አበል የሚያገኘው ተቀጥሮ መዋጮ የከፈለ ብቻ ነው። አንድ ጎሳ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ገበያ ሆኖ ሳለ ከብት ስትጠብቅ ያረጀችው እናት ከወዲያ ማዶ ባለአበል ናት፤ ከወዲህ ማዶ በልጇ እጅ ላይ ናት። ልጇም ለንግድ ያሰበውን ለእሷ ቀለብ ያውላል።

ማን ይክሰር?

አበሉ የሚከሰርበት ዋናው መንገድ ዋጋ ንረት ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ መድረሱ ይታወሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የብር ዋጋ በአጭር ጊዜ በእጅጉ ወረደ። የጡረታ አበል በየጊዜው በመንግሥት ውሳኔ ይሻሻላል እንጂ ከዋጋ ጋር በራሱ አይሄድም። በሁለት ማሻሻያዎች መካከል ያለውን ኪሳራ የሚሸከመው ጡረተኛው ነው። ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል፤ ደላላው ኮሚሽኑ አብሮ ያድግለታል፤ ጡረተኛው ምኑን ይጨምራል? መጀመሪያ የሚቀንሰው ለልጁ የሚሰጠውን ነው። ያኔ ባጃጁ ይቆማል፣ የፍየሉ ንግድ ይበላል፣ የዱቤ ደብተሩ ይወፍራል።

የፈንዱ አያያዝም የዚሁ ችግር አካል ሆኖ ቆይቷል። የጡረታ ፈንዶቹ ገንዘብ ለረጅም ዓመታት በአመዛኙ በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ይውል ነበር። ሰነዱ በ2012 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ በጨረታ መሸጥ እስኪጀምር ድረስ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር። የሠራተኛው ቁጠባ እየተበላ ለመንግሥት ርካሽ ብድር ሆነ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዲስ የጡረታ አዋጆች ፈንዶቹ ገንዘባቸውን በሌሎች መስኮች ለማዋል የተሻለ ዕድል ሰጥተዋል። መለኪያው ግን አዋጁ ሳይሆን አበሉ ነው። የኢንቨስትመንቱ ትርፍ በጡረተኛው ኪስ ካልታየ “ላም አለኝ በሰማይ” ከመሆን አያልፍም።

መንግሥት በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም ብዙ ተወርቷል። በየቤቱ በዝምታ የሚዘዋወረውን የወላጆች ፈንድ ግን በጀት ብሎ የቆጠረው የለም። አበልን ከዋጋ ንረት ጋር ማስተሳሰር ለአረጋውያን ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ የወጣቱን መነሻ ካፒታል መጠበቅ ነው። አበዳሪው ልጁን ስለሚያውቅ ከተዘዋዋሪ ፈንዱ ይልቅ ለማን እንደሚሰጥ የሚለየው ይኸኛው ነው።

የነጋዴው ተራ

እስካሁን የተወራው ስለ ጡረተኛው ነው። የዚህ ገጽ አንባቢ ነጋዴ ግን ራሱን ይጠይቅ። ለመሆኑ የእሱ ጡረታ የት ነው? የከብት ነጋዴው፣ የጭነት መኪና ባለቤቱ፣ ደላላው ሲያረጅ ማን ይጦረዋል? ሱቁ? ሱቅ ባለቤቱ ሲታመም ይዘጋል። ከብቱ? ድርቁ ታይቷል። ቤቱ? ቤት አይበላም። እቁብ አዋቂ ነው፣ እድር ቀባሪ ነው፤ ሁለቱም በየወሩ አይጦሩም። ጡረታ የሌለው ነጋዴ በ65 ዓመቱ የሚጠብቀው ልጁን ነው። የመምህሩ ልጅ በአባቱ አበል ሲነሳ የነጋዴው ልጅ አባቱን ተሸክሞ ይነሳል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው ሊታቀፉ የሚችሉበትን በር ከፍቷል። በሩ ግን ለነጋዴ የሚመች ደፍ አልተሠራለትም። ለተቀጣሪ ሠራተኛ 7 በመቶ ራሱ፣ 11 በመቶ አሠሪው፣ በድምሩ 18 በመቶ ይገባለታል። የራሱ አሠሪ የሆነ ሰው 18ቱን ብቻውን ሊከፍል ነው። ገቢውም ዛሬ ሞልቶ ነገ የሚጎድል ነው። የንግድ ምክር ቤቶችና የከብት ነጋዴዎች ማኅበራት ስለ ግብር የሚጮኹትን ያህል፣ ገበያ ሲደራ ብዙ፣ ሲቀዘቅዝ ጥቂት የሚከፈልበት የመዋጮ ሥርዓት እንዲዘረጋ ቢጠይቁ ያዋጣቸዋል።

እስከዚያው በእጅ ያለ ሥራ አለ። በነዳጅ ማደያው፣ በሆቴሉ፣ በመጋዘኑ፣ በጭነት መኪናው የሚሠራ ተቀጣሪ የጡረታ መዋጮው ሳይገባለት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሠራተኛውም “አትቁረጥብኝ፣ በእጄ ስጠኝ” ይላል፤ አሠሪውም 11 በመቶው ስለሚተርፈው ደስ ይለዋል። ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ላይ የሚገባው መዋጮ በድምሩ 900 ብር ነው፤ ከአሠሪው የሚወጣው 550 ብር። ከ10 ዓመት በታች መዋጮ ያለው ሰው በየወሩ የሚከፈል የዕድሜ ልክ አበል ስለማያገኝ ዛሬ የተዘለለው ዓመት ነገ በሩን ይዘጋበታል። ዛሬ 550 ብር ያተረፈ ነጋዴ ከ20 ዓመት በኋላ በከተማው ዱቤ የሚከፍል ሽማግሌ አያገኝም።

ጡረተኛ ወላጆችም ከዳባሬ ሥርዓት አንድ ነገር ቢወስዱ አይጎዱም። ለልጅ የሚሰጥ ገንዘብ ስሙ ይጠራ። ስጦታ ከሆነ ስጦታ፣ ብድር ከሆነ ብድር ይባል። መጠኑና ጊዜው ይታወቅ፤ ሁለት ሽማግሌ ወይም የልጁ ሚስት ይስሙት። ከተቻለም በየወሩ ከመቆንጠር ተጠራቅሞ አንድ ጊዜ ይሰጥ። በእቁብ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕጣ የወጣለት ጡረተኛ ለልጁ ጊደር ሲገዛ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የማይወልደው አበል የሚወልድ ነገር ሆነ ማለት ነው። ባለሱቁም የዱቤ ጣሪያውን በአባት አበል ሳይሆን በልጁ ንግድ ልክ ያድርገው። አባት እስከ ወሩ መጨረሻ ለመኖሩ ማንም ዋስ አይሆንም፤ ደብተሩ ላይ ግን የሚጻፈው የእሱ ስም ነው።